የቲማቲሙ አበባ ለምን ረገፈ? ሰብሎች ሙቀትንና ብርድን የሚቋቋሙበት ረቂቅ ዘዴ



በትምህርት ቤታችን የአትክልት ቦታ በከረጢት የተተከሉትን ቲማቲሞች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ባለፈው የሙቀት ወቅት ቅጠላቸው ለምለም፣ ግንዳቸው ጠንካራ፣ አበባቸውም ብዙ ነበር። ተረኛ ተማሪዎችም ውኃ በጀሪካን እየተሸከሙ ሲያጠጧቸው ሰንብተዋል። ሆኖም አበባው አንድ በአንድ እየጠወለገ ረገፈና ፍሬ የያዙት ተክሎች በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። በዚያን ጊዜ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ «ውኃ ካልጎደለው፣ ተባይም ካልበላው፣ ታዲያ ምን ነካው?» ስትል ጠየቀች።

አጭሩ መልስ «ሙቀቱ ነው» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ያው ፀሐይ የወጣበት፣ በአጥሩ ሥር የበቀለው ማሽላ ለምን ምንም አልሆነም? ተክል ሙቀቱን እንዴት ያውቃል? ካወቀስ በኋላ ምን ያደርጋል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ተከትለን እንሄዳለን። መንገዱም በዓይን ወደማይታዩ፣ ማይክሮ አር ኤን ኤ ወደሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ያደርሰናል። ጉዳዩ መጀመሪያ ላይ ከበድ ያለ ቢመስላችሁ አትሽሹት፤ ደረጃ በደረጃ ከሄድን ሁላችሁም ትረዱታላችሁ።

ሙቀትና ብርድ በተክል ላይ ምን ያደርሳሉ?

ፍየል ሲሞቃት ጥላ ፈልጋ ትተኛለች። ሰው ሲበርደው ጋቢ ይደርባል። ተክል ግን ከተተከለበት ንቅንቅ አይልም። የመጣበትን ሁሉ እዚያው ቆሞ መቻል አለበት። ስለዚህ እኛ በእግራችን የምናመልጠውን ችግር ተክል የሚያመልጠው በሰውነቱ ውስጥ በሚያደርገው ለውጥ ነው።

እንቁላል ሲቀቀል አይታችኋል። ፈሳሽ የነበረው ነጩ ክፍል ይረጋና ይጠነክራል። ይህ የሚሆነው በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች በሙቀት ምክንያት የተፈጥሮ ቅርጻቸው ፈርሶ እርስ በርሳቸው ስለሚተበተቡ ነው። በተክል ህዋስ ውስጥም ሥራውን ሁሉ የሚያከናውኑት ፕሮቲኖች ናቸው። ተክል እንደ እንቁላል አይቀቀል እንጂ፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የፕሮቲኖቹ ቅርጽ መፍረስ ይጀምራል። ሁለተኛው ጉዳት በህዋሱ ሽፋን ላይ ይደርሳል። የህዋስ ሽፋን ቅባት ነክ ነው። ቅቤ በሙቀት እንደሚቀልጥ፣ በብርድም እንደሚረጋ ሁሉ፣ ይህ ሽፋን በሙቀት ከልክ በላይ ይላላል፤ በብርድ ደግሞ ይደርቃል። ሦስተኛው ጉዳት፣ በጫና ላይ ባለ ህዋስ ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች መከማቸታቸው ነው። እነዚህ ያገኙትን ሁሉ የሚያበላሹ ኃይለኛ ነገሮች ናቸው።

ብርድም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከበረዶ ነጥብ በላይ ያለ ቅዝቃዜ ሲሆን፣ እንደ ሩዝ፣ በቆሎና ቲማቲም ያሉትን የሞቃት አገር ሰብሎች ይጎዳል። ሁለተኛው ውርጭ ነው። ከደጋ የመጡ ወላጆቻችሁን ብትጠይቋቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ውርጭ ወርዶ ያልደረሰውን ገብስና ባቄላ እንዴት እንደሚያቃጥለው ይነግሯችኋል። በውርጭ ጊዜ በህዋሶች መካከል ያለው ውኃ ወደ በረዶነት ይለወጣል። በረዶውም ከህዋሱ ውስጥ ውኃ እየሳበ ያደርቀዋል። ገበሬው «አቃጠለው» ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ጉዳዩ የአንድ አትክልት ቦታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሰላው፣ የዓለም አማካይ ሙቀት 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር፣ ሌላ ማሻሻያ ካልተደረገ፣ የዓለም የበቆሎ ምርት በአማካይ 7.4 በመቶ፣ የስንዴ 6 በመቶ፣ የሩዝ 3.2 በመቶ፣ የአኩሪ አተር ደግሞ 3.1 በመቶ ይቀንሳል። የብዙ ሰው እንጀራ በነዚህ ሰብሎች ላይ የቆመ መሆኑን ካሰባችሁ፣ ሙቀት የሚችል ዘር ማግኘት ምን ያህል ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ አትስቱትም።

መዝገቡና ግልባጩ

አሁን ወደ ህዋሱ ውስጥ እንግባ። እያንዳንዱ የተክል ህዋስ ኒውክለስ የሚባል ክፍል አለው። በዚህ ክፍል ውስጥ ዲ ኤን ኤ ይገኛል። ዲ ኤን ኤን በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎበት እንደሚቀመጥ ትልቅ መዝገብ አድርጋችሁ ውሰዱት። በመዝገቡ ላይ ያለው እያንዳንዱ መመሪያ በራሂ ወይም ጂን ይባላል።

ትልቁ መዝገብ ከቢሮው አይወጣም። አንድ ፕሮቲን መሠራት ሲኖርበት የዚያ ፕሮቲን መመሪያ ተገልብጦ ወደ ውጭ ይላካል። ይህ ግልባጭ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ይባላል። ከኒውክለስ ውጭ ያሉት ሠራተኞች ግልባጩን እያነበቡ ፕሮቲኑን ይገነባሉ። አንድ ግልባጭ ብዙ ጊዜ ሊነበብ ስለሚችል፣ ግልባጩ እስካለ ድረስ ፕሮቲኑ መሠራቱን ይቀጥላል።

አር ኤን ኤ የሚጻፈው በ4 ፊደላት ብቻ ነው። እነርሱም ኤ፣ ዩ፣ ጂና ሲ ናቸው። ከእነዚህ ኤ ከዩ ጋር፣ ጂ ደግሞ ከሲ ጋር ይጣመራሉ። ስለዚህ በአንዱ ቁራጭ ላይ «ኤ ዩ ጂ ሲ» የሚል ቢኖር፣ «ዩ ኤ ሲ ጂ» ተብሎ የተጻፈ ሌላ ቁራጭ እንደ ልብስ ዚፕ ጥርሶች ገጥሞ ይለጠፍበታል። ይህን ጥንድነት በደንብ ያዙት፤ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነው።

እንግዲህ ሁኔታው ድንገት ቢለወጥስ? ጠዋት የተላኩት ግልባጮች «እደግ፣ ቅጠል አውጣ፣ አብብ» የሚሉ ነበሩ እንበል። እኩለ ቀን ላይ ግን ብርቱ ሙቀት መጣ። አዲስ መመሪያ መላክ ብቻ አይበቃም። የቀድሞዎቹ ግልባጮች እየተነበቡ ከሆነ ህዋሱ በሁለት ትእዛዝ ይዋከባል። ስለዚህ አሮጌውን ግልባጭ ፈልጎ የሚቀድ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ዋነኞቹ ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ናቸው።

ከአንዲት ትል የተገኘ ግኝት

ማይክሮ አር ኤን ኤ የተገኘው በሰብል ላይ አልነበረም። የተገኘው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ባላት አንዲት ትል ውስጥ ነው። በአሜሪካ የሚሠሩት ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ረቭኩን የተባሉ ተመራማሪዎች የዚህችን ትል ዕድገት ያጠኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳወቁት፣ ሊን-4 የተባለው በራሂ ፕሮቲን አይሠራም። የሚሠራው 22 ፊደላት ብቻ ያሉት አጭር አር ኤን ኤ ነው። ይህ አጭር አር ኤን ኤ ሊን-14 ከተባለው በራሂ ግልባጭ ጋር በፊደል ጥንድነት ይለጠፍና ፕሮቲኑ እንዳይሠራ ያግዳል። ከአምብሮስ ቤተ ሙከራ በወጣው ጽሑፍ ላይ በመጀመሪያ የሰፈረው ስም የሮዛሊንድ ሊ መሆኑንም ልብ በሉ።

ግኝቱ ሲወጣ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። «ይህ የዚያች ትል ልዩ ጠባይ ይሆናል» ተብሎ ታለፈ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የረቭኩን ቡድን ሌት-7 የተባለ ሌላ አጭር አር ኤን ኤ አገኘ። ይህኛው በትሏ ብቻ ሳይሆን በዝንብም፣ በሰውም ውስጥ ያለ ሆኖ ተገኘ። በ2002 ደግሞ ማይክሮ አር ኤን ኤ በተክሎች ውስጥም እንዳለ ታወቀ። አምብሮስና ረቭኩን በ2024 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከግኝቱ እስከ ሽልማቱ 31 ዓመት አልፏል ማለት ነው። ዛሬ ማንም የማይፈልገው የሚመስል ጥያቄ ነገ ለብዙዎች መልስ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ማይክሮ አር ኤን ኤ በተክል ውስጥ እንዴት ይሠራል?

የአብዛኞቹ የተክል ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ርዝመት 21 ፊደል ነው። አንድ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ፊደላት በላይ ስለሚኖረው፣ ማይክሮ አር ኤን ኤ ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ገጽ ጽሑፍ ጎን እንደተቀመጠ አንድ ሐረግ ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ ከመዝገቡ ላይ አንድ ረዘም ያለ አር ኤን ኤ ይገለበጣል። ይህ አር ኤን ኤ በራሱ ላይ ታጥፎ እንደ ፀጉር መያዣ ያለ ቅርጽ ይይዛል።

ሁለተኛ፣ ዳይሰር መሰል 1 የተባለ ኢንዛይም የታጠፈውን ክር በልኩ ይቆርጠዋል። ሌላ ኢንዛይም ደግሞ የቁራጩ ጫፎች እንዳይበሉ ይከድናቸዋል።

ሦስተኛ፣ ቁራጩ አርጎናውት 1 በተባለ ፕሮቲን ላይ ይጫናል። ስሙ የመጣው አርጎናውት ከሚባል ስምንት እጅ ካለው የባሕር እንስሳ ነው። ይህ በራሂ የተበላሸባት ተክል ቅጠሎቿ ቀጥነው ያንን እንስሳ ስለመሰሉ ነበር ተመራማሪዎች እንዲህ ብለው የሰየሙት።

አራተኛ፣ አርጎናውት የተጫነለትን 21 ፊደል እንደ መለያ ይዞ በህዋሱ ውስጥ ያሉትን ግልባጮች ይፈትሻል። ፊደሉ የሚገጥም ግልባጭ ሲያገኝ ከመካከሉ ይቆርጠዋል፤ ወይም እንዳይነበብ ያግደዋል። የተቆረጠ ግልባጭ ወዲያው ይበሰብሳል። ፕሮቲኑም መሠራቱን ያቆማል።

በዚህ ዘዴ ህዋሱ አንድን ሥራ ጨርሶ ሳያጠፋ ሊያበርደው ይችላል። ማይክሮ አር ኤን ኤው ሲበዛ ሥራው ይቀንሳል። ሲያንስ ደግሞ ሥራው ይጨምራል። ልክ እንደ ፋኖስ ክር ከፍና ዝቅ ይደረጋል ማለት ነው።

ሙቀት ሲመጣ

ይህ ሁሉ በብዛት የተጠናው አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ ተክል ላይ ነው። ይህች ተክል የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ ናት። ለምግብ አትሆንም፤ ነገር ግን በ6 ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ከዘር እስከ ዘር ስለምትደርስ ለምርምር ትመቻለች።

ሙቀት ሲመጣ በህዋሱ ውስጥ ያሉ አዛዥ ፕሮቲኖች ይነቃሉ። እነርሱም የሙቀት ጊዜ ረዳት ፕሮቲኖች በብዛት እንዲሠሩ ያዛሉ። ረዳቶቹ ቅርጻቸው ሊፈርስ የደረሰውን ሌሎች ፕሮቲኖች እየደገፉ ያቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከነዚህ አዛዦች አንዳንዶቹ ሌላም ትእዛዝ ይሰጣሉ። ይኸውም ማይክሮ አር ኤን ኤ 398 የሚባለው እንዲበዛ ያደርጋሉ።

ማይክሮ አር ኤን ኤ 398 የሚቀደው ግልባጭ የማን ነው? ቀደም ብለን ያነሳናቸውን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች የሚያጠፉ ኢንዛይሞች ግልባጭ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ተክሉ በችግር ጊዜ እሳት ማጥፊያውን ለምን ይቀንሳል? ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ይህን ይመስላል። በመንደር ውስጥ ቤት ሲቃጠል ጎረቤት የሚጠራው ጭሱ ነው። ጭሱ ገና ከመነሻው ቢታፈን ማንም ሳይሰማ ቤቱ ውስጥ ለውስጥ ይቃጠላል። በተክሉም ውስጥ ለጊዜው ከፍ የሚለው የኦክስጅን ጫና እንደ ጭሱ ምልክት ሆኖ አዛዦቹን የበለጠ ያነቃል፤ ረዳት ፕሮቲኖችም ይበዛሉ። ማስረጃውም አለ። ማይክሮ አር ኤን ኤ 398 ሊቀደው የማይችል ግልባጭ እንዲኖራቸው የተደረጉ ተክሎች ሙቀትን የመቻል ኃይላቸው ቀነሰ። ኢንዛይሞቹ የጎደሏቸው ተክሎች ደግሞ ሙቀቱን ከሌሎቹ በተሻለ ቻሉት።

ሁለተኛው ታሪክ የትዝታ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በአኩሪ አተር ቡቃያ ላይ የተደረገ ሙከራ ነበር። በ28 ዲግሪ የበቀለው ቡቃያ በድንገት ለ2 ሰዓት 45 ዲግሪ ላይ ሲቀመጥ ሞተ። አስቀድሞ ለ2 ሰዓት 40 ዲግሪ ሙቀት የቀመሰው ግን ያንኑ 45 ዲግሪ ችሎ ተረፈ። ትንሽ ፈተና ለትልቅ ፈተና አዘጋጀው ማለት ነው። ይህ ዝግጁነት ሙቀቱ ካለፈ በኋላም ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ተክል አንጎል የለውም፤ ታዲያ ሙቀቱን «የሚያስታውሰው» በምንድን ነው?

ከመልሱ አንዱ ክፍል በ2014 ተገኘ። በጀርመን አገር በፖትስዳም ዩኒቨርሲቲ የኢዛቤል ቦይርለ ቡድን እንዳሳየው፣ አራቢዶፕሲስ ሙቀት ካገኛት በኋላ ማይክሮ አር ኤን ኤ 156 በውስጧ ይበዛል። ይህ ማይክሮ አር ኤን ኤ ተክሏን ወደ ጉልምስናና ወደ ማበብ የሚገፏትን በራሂዎች ግልባጭ ይቀዳል። የተገፊነቱ ነገር ሲበርድ፣ የሙቀት መከላከያ የሆኑት በራሂዎች ለቀናት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ማይክሮ አር ኤን ኤ 156 እንዳይሠራባቸው የተደረጉ ተክሎች የመጀመሪያውን ሙቀት እንደማንኛውም ተክል ቻሉት፤ ከቀናት በኋላ ሁለተኛው ሲመጣባቸው ግን ትዝታው አልነበራቸውም። አርጎናውት 1 የተበላሸባቸውም እንዲሁ ሆኑ።

ብርድ ሲመጣ

በብርድ ጊዜ ተክል ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ዕድገቱን መግታት ነው። ጉልበቱን ለቅጠል ከማውጣት ለመትረፍ ያውለዋል። ለዕድገት ዋነኛ የሆነው ሆርሞን ኦክሲን ይባላል። ህዋሱ የኦክሲንን መልእክት የሚሰማባቸው ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2004 እንደታወቀው፣ በአራቢዶፕሲስ ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ 393 በብርድ ጊዜ ይበዛል። ይህ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚቀደው የነዚያን ተቀባዮች ግልባጭ ነው። ስለዚህ ኦክሲን «እደግ» ብሎ ቢጣራም ጆሮው ለጊዜው ተደፍኗል።

በሩዝ ላይ ደግሞ በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ሩዝ የሞቃት አገር ሰብል በመሆኑ ብርድ ይጎዳዋል። ተመራማሪዎቹ ማይክሮ አር ኤን ኤ 319 የበዛበት ሩዝ አዘጋጁ። በመጀመሪያ በ12 ዲግሪ አለማመዱት፤ ከዚያም 4 ዲግሪ ላይ አቆዩት። ይህ ሩዝ ከተራው ሩዝ በተሻለ ብርዱን ቻለ፤ የቅጠሉም ስፋት ጨመረ።

ለሁሉም ሰብል አንድ መድኃኒት የለም

እስካሁን ያነበባችሁትን ይዛችሁ «እንግዲያው 398ን አብዝተን ሁሉን ሰብል ሙቀት እናስችለዋ!» ብላችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በአራቢዶፕሲስ ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ 398 በሙቀት ይበዛል ብለናል። የዚችው ተክል ዘመድ በሆነው በቻይና ጎመን ላይ በተደረገ ጥናት ግን በሙቀት ጊዜ ማይክሮ አር ኤን ኤ 398 ቀንሶ ተገኘ። 156 ግን በዚያም ጨመረ። ሁለት የአንድ ቤተሰብ ተክሎች በአንዱ ነገር ተስማምተው በሌላው ተለያዩ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ጥንታዊ ሰብል የሆነው ገብስም በፖላንድ በ2014 በወጣ ጥናት ሲመረመር፣ በሙቀት ጊዜ 160፣ 166ና 167 ከሚባሉት ቤተሰቦች የሆኑ ማይክሮ አር ኤን ኤዎች በዝተው ታይተዋል። እያንዳንዱን ሰብል ለብቻው ማጥናት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌላው ችግር ዋጋው ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤ 156 ሁልጊዜ የበዛበት ሩዝ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ነገር ግን ይቀጭጫል፤ ማበቢያውም ይዘገያል። ሙቀትን ችሎ እህል የማይሰጥ ሰብል ለገበሬው ምን ይረባዋል? ተክሉ ራሱ ማይክሮ አር ኤን ኤውን ከፍ የሚያደርገው በችግሩ ሰዓት ብቻ ነው፤ ችግሩ ሲያልፍ ይመልሰዋል። ጥበቡ ያለው በመጠኑና በሰዓቱ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ብዙዎቹ ሙከራዎች የተደረጉት ሙቀቱ በቁጥጥር ሥር በሆነበት ክፍል ውስጥ ነው። በእርሻ ላይ ሙቀት ብቻውን አይመጣም። ድርቅና ተባይ ይከተሉታል።

ወደ አበባው እንመለስ

አሁን የተማሪዋን ጥያቄ በተሻለ ሁኔታ መመለስ እንችላለን። በቲማቲምም ሆነ በስንዴና በሩዝ፣ ለሙቀት እጅግ ስስ የሆነው ክፍል ቅጠሉ ወይም ግንዱ አይደለም። በአበባው ውስጥ ያለው ወንዴ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት የሚዘጋጀው አበባው ከመፈንዳቱ በፊት፣ ገና እምቡጥ ሳለ ነው። በዚያን ጊዜ ቀኑ እጅግ ከሞቀ፣ ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ ዱቄቱ ይመክናል። አበባው በዓይን ሲታይ ያማረ ይሆናል፤ ፍሬ ግን አይቋጥርም። ተክሉም የማያፈራውን አበባ ያረግፈዋል። ማሽላ ደግሞ የቆላ ልጅ ነው፤ ሙቀትን የመቻል ልኩ ከቲማቲም ይበልጣል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤዎች እጃቸው እንዳለበት የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ከስንዴ እናምጣ። በ2012 በወጣ ጥናት፣ ስንዴ ለ2 ሰዓት ሙቀት ሲያገኘው ማይክሮ አር ኤን ኤ 159 በውስጡ ቀንሶ ታየ። ይህ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚቀደው ለወንዴ ዱቄት መዘጋጀት የሚያስፈልግ የአንድ አዛዥ ፕሮቲን ግልባጭ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ የስንዴ ማይክሮ አር ኤን ኤ በሩዝ ውስጥ ከልክ በላይ ሲያበዙት፣ ሩዙ ዘግይቶ አሸተ፤ ወንዴ ክፍሉ መከነ፤ ለሙቀትም ይበልጥ ተጎጂ ሆነ። 21 ፊደል ብቻ ያለው ነገር በእህልና በባዶ ዛላ መካከል ሊቆም እንደሚችል ከዚህ ታያላችሁ።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

ዘር አሻሻዮች ይህን እውቀት የሚፈልጉት የትኛው ዝርያ በሙቀት ጊዜ የትኛውን መመሪያ ከፍና ዝቅ እንደሚያደርግ አውቀው የሚዳቅሉትን ለመምረጥ ነው። ይህ የዓመታት ሥራ ነው። እኛ ደግሞ በእጃችን ባለው እንጀምር።

፩. ችግኝ ከመደብ ወጥቶ ወደ ከረጢት ከመዛወሩ በፊት በአንድ ቀን ወደ ሙሉ ፀሐይ አይውጣ። በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ለሁለት ሰዓት እያላችሁ ለሳምንት ያህል አለማምዱት። የአኩሪ አተሩን ቡቃያ አስታውሱ።

፪. ቲማቲም እምቡጥ ሲይዝ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ አድርጉለት። አሮጌ ጆንያ ወይም የተጎነጎነ ሣር ይበቃል። ጥበቃ የሚያስፈልገው አበባው ከፈነዳ በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት መሆኑን አትርሱ።

፫. ውኃ በማለዳ ወይም በምሽት አጠጡ። አፈሩንም በደረቅ ሣር ሸፍኑት፤ ሥሩ እንዳይግል ይረዳል።

፬. መዝግቡ። በጥላ ሥር የነበሩትና ያልነበሩት ተክሎች እያንዳንዳቸው ስንት አበባ አወጡ? ስንቱ ፍሬ ያዘ? ሁለቱን ቁጥሮች በደብተራችሁ ጎን ለጎን ስትጽፉ ሳይንስ መሥራት ጀመራችሁ ማለት ነው። አምብሮስና ረቭኩንም ሥራቸውን የጀመሩት አንዲትን ትል በትዕግሥት በመመልከት ነበር።

አንዳንዶቻችሁ አንድ ቀን ወደ ወላጆቻችሁ መሬት ትመለሱ ይሆናል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ስሙን እንኳ ወደማናውቀው አገር ትሄዱ ይሆናል። በሄዳችሁበት ሁሉ ሰው የሚበላው እህል ነው፤ እህሉም ሙቀትና ብርድ ይጠብቀዋል። «ምን ነካው?» ብላ የጠየቀችው ተማሪ የጀመረችውን ጥያቄ ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ ብትጨርሱት ይህ ጽሑፍ ድካሙን አገኘ ማለት ነው።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. መልእክተኛ አር ኤን ኤና ማይክሮ አር ኤን ኤ በሥራቸው እንዴት ይለያያሉ?

2. በአንድ ግልባጭ ላይ «ጂ ኤ ሲ ዩ ዩ» የሚል ቢኖር፣ ከእርሱ ጋር የሚገጥመው ቁራጭ ፊደላት በቅደም ተከተል ምን ምን ናቸው?

3. ተክሉ በሙቀት ጊዜ ጎጂ ኦክስጅን የሚያጠፉ ኢንዛይሞችን መቀነሱ እንዴት ሊጠቅመው ይችላል? የጭሱን ምሳሌ በራሳችሁ ቃል አስረዱ።

4. ማይክሮ አር ኤን ኤ 156ን ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ ማቆየት ለገበሬው ለምን አይጠቅምም?

5. ወላጆቻችሁን ወይም ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ፦ በአገራቸው ሳሉ ከውርጭ ወይም ከብርቱ ሙቀት ሰብላቸውን የሚያድኑት በምን ዘዴ ነበር? መልሱን ጽፋችሁ ለክፍል መምህራችሁ ስጡ፤ ጠቃሚ የሆኑትን በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።